«ልጆቹ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ካውንስለርነት ልማር?»

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። 33 ዓመቴ ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከክፍል ስወጣ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ተማሪ ይከተለኛል። የፈተና ነገር መስሎኝ ስቆም የቤታቸውን ጉዳይ ያወሩኛል። ባልደረቦቼ ‹አንቺ እኮ ካውንስለር መሆን ነበረብሽ› ይሉኛል። እኔም የተማሪዎች አማካሪ ስለመሆን ማሰብ ጀምሬያለሁ።

ሁለት ምርጫ አግኝቻለሁ። አንዱ በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ በጥቂት ወራት የሚያልቅ የሰርተፊኬት ኮርስ ነው። ሌላው ማስተርስ ነው፤ ረጅም ነው፣ የተግባር ልምምድም አለው። ባለቤቴ ግን ደስ አላለውም። ‹የራሳችን ሐሳብ አንሶ የሰው ልጆች ችግር ተሸክመሽ ልትገቢ ነው?› ይለኛል። ደግሞም ልጅ ሲያለቅስ አብሬ አለቅሳለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ለዚህ ሥራ ይሆናል? ርዕሰ መምህሩ በበኩላቸው ‹ትምህርቱን ተማሪውና፣ እያስተማርሽም የምክር አገልግሎቱን ትይዢልናለሽ› ብለውኛል። ሁለቱን አብሮ መሥራት ይቻላል?

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ‹መኖር ሰልችቶኛል፤ ተኝቼ ባልነሳ ደስ ይለኛል› አለችኝ። ለማንም እንዳልናገር ለመነችኝ፤ እኔም ቃል ገባሁላት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ካውንስለር ብሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልነሳ። ስለ ትምህርቱ የምልሽ ብዙ አለ። ያቺ ልጅ ግን ያንቺን ዲግሪ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም።

ይህን እንዳነበብሽ ልጅቷን ለብቻዋ አግኚያት። ማንም ገብቶ በማያቋርጣችሁ ቦታ ተቀመጡ። ከዚያ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄጂ ጠይቂያት። «ያን ቀን ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም። ራስሽን የመግደል ሐሳብ ይመጣብሻል?» በያት። ቃሉን ከአፍ ማውጣት ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ብዙ መምህራን «ብጠይቃት ሐሳቡን እኔው አስገባባታለሁ» ብለው ይፈራሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ በጥናት ታይቷል። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ልጁን እፎይ ያሰኘዋል። ለብቻው ይዞት የቆየውን ነገር በስሙ ጠርቶ የጠየቀው ሰው አገኘ ማለት ነው።

«አዎ» ካለችሽ ፊትሽ ላይ ድንጋጤ አታሳያት። በተረጋጋ ድምፅ ቀጥይ። መቼ መቼ ይመጣባታል? እንዴት እንደምታደርገው አስባለች? ያሰበችው ነገር በእጇ ይገኛል? ከዚህ በፊት ሞክራ ታውቃለች? እቅድ ካላት፣ በተለይም ማድረጊያው በእጇ ካለ፣ ለደቂቃም ብቻዋን እንዳትተያት። በቀጥታ ወደ ጤና ባለሙያ ነው የሚኬደው። «አይ፣ እንዲሁ ነው ያልኩት» ብትልሽም ነገሩ አላለቀም። በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ፣ ወይም ትምህርት ቤታችሁ ለዚህ ጉዳይ የሰየመው ሰው ካለ ለእሱ ንገሪ። ቤተሰቧም ማወቅ አለበት። መድኃኒቱን፣ መርዙን፣ ስለታሙን ነገር ከአጠገቧ ማራቅ የሚችለው አብሯት የሚኖር ሰው ነው። የሚያሰቃያት ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ቤት ከመደወሉ በፊት ይህን ተናገሪ። ያኔ መንገዱ ሌላ ነው።

የገባሽላት ቃልስ? ታፈርሺዋለሽ። ከጀርባዋ ግን አይደለም። ለሌላ ሰው ከመንገርሽ በፊት ለራሷ ንገሪያት። «ለማንም አልናገርም ብዬሽ ነበር። ሕይወትሽን የሚመለከት ነገር ስለሆነ ያን ቃል መጠበቅ አልችልም። ለማን እንደምናገር፣ ምን እንደምናገር አብረን እንወስን። ስነግራቸው አብረሽኝ ብትሆኚ ይሻልሻል ወይስ ውጪ ትጠብቂኛለሽ?» በያት። መነገሩ አይቀርም፤ አነጋገሩ ላይ ግን እሷም ድርሻ ይኑራት። ምናልባት ትቆጣለች፤ ታኮርፍሽ ይሆናል። በሕይወት ኖራ ብታኮርፍሽ ይሻላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ካውንስለር ብሆን ኖሮ አውቅ ነበር» ብለሻል። በከፊል እውነት ነው። የሠለጠነ ካውንስለር ያን ቃል መጀመሪያውኑ አይገባም። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ልጁ ሆዱን ሳይከፍት፣ ድንበሩን ይነግረዋል። «የምትነግረኝ እዚሁ ይቀራል። ራስህን ልትጎዳ ከሆነ፣ ሰው ልትጎዳ ከሆነ፣ ወይም አንተን የሚጎዳህ ሰው ካለ ግን ብቻዬን ይዤው መቀመጥ አልችልም» ይለዋል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ከነገርኩት ልጁ ምንም አያወራኝም ብለው ይሰጋሉ። እኔ ለዓመታት ያየሁት ሌላ ነው። ልጆች ድንበሩን ሰምተውም ይናገራሉ። አንዳንዱ እንዲያውም ለብቻው መሸከም ስላቃተው አንቺ ለሌላ ሰው እንድትናገሪለት ፈልጎ ነው የሚነግርሽ።

በሥነ ምግባር ኮርስ ላይ የምታገኚው አንድ ፍርድ አለ። አንድ ተገልጋይ አንዲትን ወጣት ሊገድል እንዳሰበ ለሚያየው ሳይኮሎጂስት ተናገረ። ማንም ለእሷም ሆነ ለቤተሰቧ አላስጠነቀቀም፤ ተገደለች። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ባለሙያው አደጋ የተደቀነበትን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን የማድረግ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ሚስጥር መጠበቅ የት ላይ እንደሚያበቃ ግን የትም ብትማሪ ደጋግመሽ ትሠሪበታለሽ። ለብቻው እንኳ ትምህርቱን የሚያስመኝ ነገር ነው።

እንግዲህ ልማር ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ተማሪ። ግን ለምን እንደምትማሪ በደንብ ይግባሽ።

ልጆች ወደ አንቺ መምጣታቸው ትልቅ ነገር ነው። እንደማትንቂያቸው፣ እንደማታዋርጂያቸው አውቀዋል። ይህን ማንም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥሽም። ባልደረቦችሽ ይህን አይተው ነው «ካውንስለር መሆን ነበረብሽ» ያሉሽ። ትምህርቱ የሚጀምረው ግን ልጁ ከተቀመጠ በኋላ ያለው ላይ ነው። እዚያ ላይ መምህርነትሽ ራሱ ይፈታተንሻል። መምህር ጥያቄ ሲሰማ መልስ ይሰጣል። ዝምታ ሲያይ ይሞላዋል። ስህተት ሲያይ ያርማል። ይህ ሁሉ ክፍል ውስጥ ደግ ነገር ነው። በካውንስሊንግ ወንበር ላይ ግን ገታ ማድረግን ትማሪያለሽ። ከመምህርነት ለሚመጣ ሰው ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ይመስለኛል።

በምሳሌ ልንገርሽ። አንድ ልጅ «አባቴ ኢንጂነር ካልሆንክ ልጄ አይደለህም አለኝ» አለሽ እንበል። አብዛኞቻችን ወዲያው «አይዞህ፣ አባትህ ስለሚወዱህ ነው፤ ጊዜ ስጣቸው» እንላለን። ደግ ቃል ነው። ልጁ ግን «እሺ» ብሎ ይሄዳል። የሠለጠነ ሰው «‹ልጄ አይደለህም› ማለታቸው በጣም ጎድቶሃል» ይልና ዝም ይላል። ዝምታው ይረዝማል። ልጁ ጫማውን ያያል። ከዚያ «እህቴንም እንደዚያ ብለዋት ነው ከቤት የወጣችው» ይላል። በማጽናናት የተቋጨ ወሬ እዚህ አይደርስም ነበር።

ይህን ክህሎት ሦስት ሦስት ሆናችሁ ትለማመዱታላችሁ። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይሰማል፣ ሦስተኛው ይታዘባል። ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ይቀረጻል። ከዚያ አስተማሪው ቪዲዮውን ያቆምና «እዚህ ጋ ለምን ተናገርሽ? ዝም ብትይ ምን ይመጣ ነበር?» ይልሻል። ራስን በቪዲዮ ማየት ያሳፍራል። ሰው ስሰማ ፊቴ እንዲህ ነው እንዴ ትያለሽ። ይህን የማያስደርግ፣ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አንብበሽ ፈተና ተፈትነሽ የምትወጪበት ፕሮግራም ከሆነ፣ ካውንስለር አያደርግሽም።

ሌሎቹ ኮርሶች የሚጠበቁ ናቸው። የሰው ልጅ እድገት አለ፤ የካውንስሊንግ ንድፈ ሐሳቦች፣ የቡድን ካውንስሊንግ፣ ፈተናና ምዘና፣ የሥራ መስክ ምርጫ፣ ሥነ ምግባርና ሕግ አሉ። ምርምርና ስታቲስቲክስም አለ፤ ባዮሎጂ ለሚያስተምር ሰው አያስፈራም። የእድገቱ ኮርስ ደግሞ ግማሹ ያንቺው ዓለም ነው።

ንድፈ ሐሳቡ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ የሙያው ታሪክ ዛሬ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚገጥምሽን ያስረዳልና። ሙያው የጀመረው ከሥራ ምርጫ ነው። ፍራንክ ፓርሰንስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ውስጥ ወጣቶች ሥራ እንዲመርጡ የሚያግዝ ቢሮ ከፈተ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ራስህን እወቅ፣ ሥራዎቹን እወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን አገናኝ። ከዚያ ግማሽ ክፍለ ዘመን አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት አመጠቀች፤ አሜሪካ ደነገጠች። በማግሥቱ ዓመት በወጣ ሕግ የትምህርት ቤት ካውንስለሮችን ለማሠልጠን ገንዘብ ተመደበ። የተፈለገው ሳይንስ የሚችሉትን ልጆች ለይቶ ወደዚያ መምራት ነበር። ልብ በይ፤ ካውንስለሩ በብዛት የገባው አገር ስለፈለገችው ነው። ልጁ ስለፈለገው አልነበረም። ዛሬም አንዳንድ ርዕሰ መምህር ካውንስለርን ተማሪ መዳቢ፣ ፎርም ሞይ፣ ውጤት መዝጋቢ አድርጎ ቢያይ ከየት እንደመጣ ይገባሻል።

ሌላው ጅረት ከአሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ከካርል ሮጀርስ ነው የመጣው። ሮጀርስ ገና በወጣትነቱ ሮቼስተር በምትባል የኒው ዮርክ ከተማ ለ12 ዓመታት ከተቸገሩ ልጆች ጋር ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ሰው እንዲለወጥ ከሰሚው ወገን ምን እንደሚያስፈልግ ዘረዘረ። ከዝርዝሩ ሦስቱ እስከ ዛሬ የካውንስሊንግ መሠረት ናቸው። የሌላውን ስሜት ከእሱ ቦታ ሆኖ መረዳት፣ ሰውየውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ ራስም ሳያስመስሉ እውነተኛ መሆን። ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ጓደኛውን የደበደበ ልጅ ፊትሽ ተቀምጦ «ይገባዋል» ሲልሽ ነው ክብደቱ የሚታወቀው። ድርጊቱን ሳትቀበዪ ልጁን መቀበል አለብሽ። ልጁም ልዩነቱ ሊሰማው ይገባል።

ለትምህርት ቤት ሥራ በጣም የምወደው ግን ሌላ ዘዴ ነው። ካውንስለር ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የ20 ደቂቃ እረፍት ነው። ስቲቭ ዴ ሼዘርና ባለቤቱ ኢንሱ ኪም በርግ የተባሉ የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያዎች ሚልዋኪ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ መፍትሔ ላይ ያተኮረ አጭር አሠራር አዳበሩ። አንዱ መሣሪያቸው የሚዛን ጥያቄ ነው። «ከ0 እስከ 10 ብትሰጪው፣ ዛሬ ትምህርት ቤት መምጣት እንዴት ነው?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ልጅቷ «3» ትላለች። ሰው ቶሎ የሚመጣለት «ለምን 10 አልሆነም?» የሚለው ነው። እነሱ ግን «እንዴት ሆኖ 0 አልሆነም?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጅቷ ታስባለች። «አንድ ጓደኛ አለችኝ» ትላለች፤ ወይም «ስፖርት ክፍለ ጊዜ ደስ ይለኛል»። ቀጥሎ «4 ላይ ብትደርሺ ምን የተለየ ነገር ታደርጊ ነበር?» ትያታለሽ። ከ3 ወደ 4 ነው፤ 10 አይደለም። ልጆች ይህን መልስ ራሳቸው ያገኙታል። ራሳቸው ያገኙትን ደግሞ ያደርጉታል።

በሥራ ምርጫ በኩል የሳይኮሎጂስቱን የጆን ሆላንድን ስድስት ዓይነት ዝንባሌዎች ትማሪያለሽ። በእጅ መሥራት፣ መመራመር፣ ጥበብ፣ ሰውን ማገዝ፣ መምራትና መነገድ፣ ሥርዓት ያለው የቢሮ ሥራ። ጥሩ የወሬ መነሻ ነው። «ፈተናው እንዲህ ነህ ብሏል» ብሎ ልጅን መዝጋት ግን ጥፋት ነው። የ16 ዓመት ልጅ ያላየውን ሥራ ሊወደው አይችልም። ስለዚህ ከመጠይቁ ይልቅ ሥራውን ከሚሠራ ሰው ጋር ማገናኘቱን እመርጣለሁ።

አሁን ስለ እንባሽ። አንቺ እንደ ድክመት ጽፈሽዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ልጅ መከራውን ሲነግርሽ ዓይንሽ እንባ ቢያቀርር ነውር አይደለም። መለኪያው ከዚያ በኋላ ማን ማንን ማጽናናት ጀመረ የሚለው ነው። ልጁ «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ አታልቅሺ» ካለሽ ቦታ ተለዋውጣችኋል። ሁለተኛ ጊዜ አይነግርሽም፤ እንዳያስለቅስሽ ይሳሳልሻል። ይህ ደግሞ በሥልጠና ይስተካከላል። ለዚያ ነው ሱፐርቪዥን የሚባለው ነገር ያለው። በልምምድ ላይ ሳለሽ በየሳምንቱ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ትቀመጫለሽ። ያየሻቸውን ልጆች ጉዳይ ታነሺያለሽ። እሱም ስለ ልጁ ብቻ አይጠይቅሽም። «ይቺ ልጅ ለምን ከሌሎቹ የበለጠ ነካችሽ?» ይልሻል። መልሱ አንዳንዴ ከራስሽ ልጅነት ይመጣል። ያን እዚያ ታወጪዋለሽ፤ ልጅቷ ፊት አይደለም። ብዙ አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸው ራሳቸው ሄደው ካውንስሊንግ እንዲያገኙ ይመክራሉ፤ እኔም እመክርሻለሁ። ወንበሩን ከዚያኛው በኩል ማወቅ ብዙ ያስተምራል።

እንግዲህ ከሁለቱ ምርጫዎች ማስተርሱን ያዢ የምልሽ ለዚህ ነው። የአጭሩ ኮርስ ክፉ አይደለም። መምህር ሆነሽ ልትቀጥዪና የተሻለ ልትሰሚ ብቻ ከፈለግሽ ይጠቅምሻል። በዚያ ወረቀት ግን ብቻሽን ቢሮ ይዘሽ፣ ያቺን ተማሪሽን የመሰሉ ልጆች እየመጡ፣ አጠገብሽ የምታማክሪው ሰው ሳይኖር እንድትቀመጪ አልፈልግም። ላንቺም ለልጆቹም አደጋ ነው።

ማስተርስ ስትመርጪም ስሙንና ሕንፃውን ተይው። ልምምዱን ጠይቂ። ስንት ሰዓት ነው? ከዚያ ውስጥ ስንቱ ከተማሪ ጋር በቀጥታ ነው? ማን ይከታተልሻል? ለንጽጽር ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ የካውንስሊንግ ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ካክሬፕ የተባለው ተቋም መጀመሪያ ቢያንስ 100 ሰዓት ፕራክቲከም፣ ማለትም የመጀመሪያ ደረጃ ልምምድ፣ ይጠይቃል፤ 40ው በቀጥታ ከተገልጋይ ጋር መሆን አለበት። ከዚያ 600 ሰዓት ኢንተርንሽፕ፣ ማለትም ረዘም ያለ የሥራ ላይ ልምምድ፣ አለ፤ 240ው በቀጥታ። በሳምንት በአማካይ አንድ ሰዓት የግል ሱፐርቪዥን፣ በዚያ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል የቡድን ሱፐርቪዥን ይጨመርበታል። ያንቺ ፕሮግራም ቁጥሩ ባይገጥም ግድ የለም። ግን «ልምምድ አለው» ብለውሽ ለሁለት ሳምንት ቢሮ ውስጥ ፋይል ማስተካከል ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩን ይዘሽ ጠይቂያቸው።

ከዩኒቨርሲቲው በፊት ደግሞ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠውን ወይም ካውንስለር የሚቀጥረውን አካል ጠይቂ። አንዳንድ ቦታ ካውንስለር ለመሆን የማስተማር ልምድ ግዴታ ነው፤ አንዳንድ ቦታ አይደለም። አንዳንዱ የሳይኮሎጂ መነሻ ይፈልጋል፤ ከባዮሎጂ የመጣ ሰው ተጨማሪ ኮርስ መውሰድ ሊኖርበት ይችላል። ዲግሪው ተቀባይነት እንዳለው በጽሑፍ ሳታገኚ ገንዘብ አትክፈዪ። ዕድሜሽን ግን አንስተሽ አትጨነቂ፤ 33 ለዚህ ሥራ ገና ነው። ክፍል ውስጥ ያሳለፍሽው ዘመንም አይባክንም። ካውንስለር ክፍል ገብቶ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ አጠናን ያስተምራል፤ አዲስ ተመራቂዎች 50 ልጅ ፊት መቆም ሲያቅታቸው አንቺ ትችዪበታለሽ።

ርዕሰ መምህሩ ያቀረቡልሽን ነገር ተጠንቀቂ። ክብር አድርገው ነው ያሰቡት፤ ይገባኛል። ነገር ግን አስቢው። ሰኞ ልጁ ቢሮሽ ተቀምጦ «ቤት ውስጥ ስለሚጣሉ ማጥናት አልቻልኩም» ይልሻል። ዓርብ የእሱን ፈተና ታርሚያለሽ። ብትጥዪው «እያወቀች ጣለችኝ» ይላል። ብታሳልፊው ሌሎቹን በደልሽ። ውጤት የሚሰጥ እጅና ሚስጥር የሚሰማ ጆሮ አንድ ሰው ላይ ሲሆኑ ሁለቱም ይጎዳሉ። ብዙ የሙያው ደንቦች እንዲህ ያለውን ድርብ ግንኙነት በተቻለ መጠን አስወግዱ ይላሉ። ሌላ ሰው ስለሌለ ግድ ከሆነብሽ፣ ቢያንስ የምታስተምሪያቸውን ክፍሎች ተማሪዎች ሌላ ሰው እንዲያይልሽ ጠይቂ። የምክር ሰዓትሽ በፕሮግራም ላይ ይጻፍ፤ «ክፍት ሰዓት» ተብሎ የቀረ መምህር መተኪያ እንዳይሆን። በር የሚዘጋ ክፍል ይኑርሽ።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ እንዳትለሳለሺ። ቅጣት አትቀበዪ። ልጅ ሲረብሽ «ወደ ካውንስለሯ ሂድ» ተብሎ ከተላከ፣ ቢሮሽ የጥፋተኞች መቆያ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጥሩ ተማሪ፣ ዝምተኛ ተማሪ፣ የምታሳስብሽ ዓይነት ልጅ በሩን አያንኳኳም፤ ሰው ሲያየው «ምን አጠፋ?» ይላልና። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ካውንስለሮች ማኅበር ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ እንዲደርሰው፣ ከሰዓቱም 80 በመቶው ለተማሪዎች በሚሰጥ አገልግሎት እንዲያልፍ ይመክራል። እዚያው አገርም ብዙ ትምህርት ቤት ከዚህ በላይ ተማሪ ነው የሚሰጠው። እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ መከራከሪያ ያዢው። ፈተና እንድትቆጣጠሪ፣ መዝገብ እንድትይዢ፣ የቀረ መምህር እንድትተኪ ሲሉሽ የምታሳዪው ነገር ይኖርሻል።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የሰው መከራ የሚሰማ ሰው ይደክማል፤ አንዳንዴ የሰማው ነገር በእንቅልፉም ይመጣበታል። ግን እስቲ ንገሪው፤ አሁንም እኮ ይዘሽ ትገቢያለሽ። ያቺ ልጅ እንቅልፍ ከነሳችሽ ሳምንት ሆናት። ልዩነቱ አሁን ያለ ሥልጠና፣ ያለ ሱፐርቫይዘር፣ ለብቻሽ ይዘሽ መግባትሽ ነው። ትምህርቱ የት እንደምታስቀምጪው ያሳይሻል። ደግሞም የልጆቹን ጉዳይ ቤት ውስጥ ማውራት ስለማይፈቀድልሽ፣ እሱ የሚሰማው «ዛሬ ከብዶኝ ነበር የዋልኩት» የሚለውን ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ምን እንድታደርግልኝ እፈልጋለሁ የሚለውን አሁኑኑ ተነጋገሩ። የፈራው ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ የምሽት ክፍለ ጊዜው፣ ወጪው፣ ልጆች ካሏችሁ ማን እንደሚይዛቸው። «ከሁሉም በላይ የሚያሳስብህ የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። መልስ ሳታዘጋጂ ስሚው።

ለማመልከት ስትነሺ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለምን ይህን ሙያ እንደመረጥሽ እንድትጽፊ ትጠየቂያለሽ። «ልጆች እወዳለሁ፣ ሰው መርዳት ያስደስተኛል» ብለሽ አትጻፊ፤ ሁሉም አመልካች ይጽፈዋል። የማንም ማንነት በማይታወቅበት መንገድ፣ አንድ ልጅ ምን እንዳለሽ፣ አንቺ ምን እንደመለስሽ፣ ምን ላይ እውቀትሽ እንዳለቀ ጻፊ። ያን መጻፍ የሚችል ሰው ለመማር ዝግጁ ነው፤ መራጮቹም ያውቁታል።

ከዚያ በፊት ግን በሥራ ላይ ያለ አንድ የትምህርት ቤት ካውንስለር ፈልጊና ውሎውን እንዲያሳይሽ ለምኚው። ልጆቹ ሲገቡ አንቺ ውጪ ትሆኛለሽ፤ ሌላውን ሁሉ ታያለሽ። ስልኩን፣ ወላጆቹን፣ ስብሰባውን፣ የሚጻፈውን ወረቀት። ወደ ማታ ላይ «ሱፐርቪዥን ታገኛለህ? ከየት?» ብለሽ ጠይቂው። ማመልከቻውን ስታስገቢም ዩኒቨርሲቲውን፣ ልምምድ የምወጣበትን ትምህርት ቤት እናንተ ታገኙልኛላችሁ ወይስ እኔ ነኝ የምፈልገው በያቸው። እኔ ነኝ የምፈልገው ከሆነ፣ ከምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ውጪ ሌላ ቦታ ከአሁኑ አነጋግሪ፤ ማንም ልጅ «የባዮሎጂ ቲቸር» ብሎ በማያውቅሽ ቦታ።